ጋሽ ደምሴ የራሳቸውን ሞት የለፈፉ ዕለት

ድምፄ ወፍራም ነው። ወፍራም ስል ሻካራ፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ዓይነት ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ነበርኩ፤ በቀን ስንቱ ደዋይ «ወንድሜ» ይለኝ እንደነበር እኔና አላህ ነን የምናውቀው። መጀመሪያ «እህትህ ነኝ፣ ነጃት እባላለሁ» እያልኩ አርም ነበር። በኋላ ሰለቸኝና ለወንድምነቱ መልስ መስጠት ጀመርኩ።

እንዲህ ዓይነት ድምፅ ይዛ ፖድካስት ልጀምር የምትል ሴት ላይ ቤተሰብ ቢስቅ አይፈረድበትም። እናቴ «አንቺ ነጂ? ባንቺ ድምፅ?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ፖድካስት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ባቡሩ በልደታ በኩል ማለፍ ከጀመረ ብዙም ያልቆየበት ጊዜ ነው፤ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። እኔ ራሴ የፈረንጆቹን ሰምቼ ነው የወደድኩት። ሰው ቁጭ ብሎ እንደልቡ ያወራል፣ ሌላው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይሰማል፣ በቃ። የሚወራ ነገር ደግሞ አላጣሁም። የተወለድኩበት የታችኛው ልደታ ሰፈር ለልማት ፈርሶ ሰዉ ጀሞ፣ ገላን፣ የካ አባዶ ተበትኗል። እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቀረነው ጥቂቶች ነን። የድሮ ጎረቤቶቼን እየፈለግኩ ስለ ሰፈሩ ላስወራቸው አሰብኩ። ስለ ድምፄም መላ ነበረኝ፦ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ጥያቄዬን ቆርጬ እጥለዋለሁ። ማንም ሳይሰማኝ ፖድካስተኛ እሆናለሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት፤ አንዱን ቪዲዮ ለማየት ኔትወርኩ እስኪያወርደው ወጥ ይበስል ነበር። መቅጃዬ ስልኬ ነው፤ መቁረጫና መቀጠያውም እዚያው ስልኬ ላይ በነፃ የጫንኩት መተግበሪያ ነው። ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥኔ ሆነ። ልብሱን ወደ ጎን ገፍቼ፣ ብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ውስጡ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የቀዳሁትን ሳዳምጠው ከኔ ይልቅ የጎረቤት ሕፃን ጥርት ብሎ ይሰማል። ባቡሩ አለ፣ አዛኑ አለ፣ የልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ አለ፣ ፎቅ ላይ የማይቆም የበር ብየዳ አለ። ይባስ ብሎ ቅጂ መሀል ስልክ ይደወላል፤ ሲደወል ሁሉ ነገር ይቋረጣል። ስለዚህ ልቀዳ ስል ኔትወርኩን ጨርሶ ማጥፋት ለመድኩ። ይህችን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች።

የመጀመሪያው እንግዳዬ ማን እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀሁም። ጋሽ ደምሴ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ጡሩምባ ነፍተው፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚለፍፉ እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆች ድምፃቸውን ስንሰማ ብርድ ልብሳችን ውስጥ እንጠቀለል ነበር። እናቶቻችን ደግሞ ነጠላና ሻሻቸውን ፍለጋ ይነሳሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ እድሩ አልፈረሰም፤ መልእክቱ ግን በስልክ መላላክ ሆነና ጡሩምባው ሥራ ፈታ። ጋሽ ደምሴ ባለቤታቸው ሞተውባቸው፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ ከኛው ብሎክ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

«ፖ ምን?» አሉኝ ስነግራቸው።

«ፖድካስት፣ ጋሼ። ድምፅዎን ቀድቼ ኢንተርኔት ላይ እጭነዋለሁ፤ ሰው በየስልኩ ይሰማዋል።»

«ሬዲዮ ነዋ።»

«ሬዲዮ ሰዓት አለው። ይሄን ሰው በፈለገው ጊዜ ነው የሚሰማው። ደስ ካለው ለጓደኛው ይልከዋል፣ ያም ለሌላው።»

ትንሽ አሰቡ። «የሰማ ላልሰማ ያሰማል ማለት ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ጡሩምባ ነው አትዪኝም!» አሉና ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮት ለብሰው፣ ጡሩምባውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ቁም ሳጥን ውስጥ ግቡ ማለት ስላፈርኩ አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ወጋቸው ማር ነበር። ዝናብ ሲጥል፣ ውሻ ሲያሳድዳቸው፣ አንዴ የሚለፍፉለት ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ሆነው ድምፃቸው አልወጣ ሲል፤ ሁሉንም ነገሩኝ። በመጨረሻ ጡሩምባውን እንዲነፉልኝ ጠየቅኩ።

«አይሆንም» አሉ።

«ለቅጂ ነው እኮ ጋሼ፤ አንዴ ብቻ።»

«አንዴስ ቢሆን! ጡሩምባ ያለ ሞት አይነፋም። ሰው ሞቀኝ ደላኝ ሳይል ከአልጋው ወርዶ የሚወጣው ለምን ይመስልሻል? ይህ ጡሩምባ ዋሽቶ ስለማያውቅ ነው።»

«እሺ፣ ያለ ጡሩምባ ይለፍፉልኝ።»

«የማንን ስም ልጥራ?»

«የሌለ ስም ይፍጠሩ።»

«የሌለ ሰው አይሞትም። ያለውን ሰው በቁሙ ብጠራው ደግሞ ማሟረት ነው።» አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «የራሴን ልጥራ። በራሴ ላይ ባሟርት ማን ይከሰኛል?»

እኔ በዚያች ሻካራ ድምፄ «አሁን ጋሽ ደምሴ ድሮ እንዴት ይለፍፉ እንደነበር በራሳቸው ስም ያሳዩናል» አልኩ። እሳቸው ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«የታችኛው ልደታ እድርተኛ፣ ስማ! ደምሴ ወልደ ሚካኤል ዐርፏል! ቀብር ዛሬ በስምንት ሰዓት ልደታ ማርያም! የሰማ ላልሰማ ያሰማ!»

ያ ድምፅ አንዲት ነገር አልቀነሰም። ሲጨርሱ ሳቅ አሉና ተቀመጡ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም።

«ለስንቱ ለፍፌያለሁ» አሉ። «ሀብታሙም ድሃው በኔ አፍ ነው ቀባሪ ያገኘው። እኔ ስሞትስ ማን ይለፍፍልኛል? ሰዉ እንደሆነ ተበትኗል። እውነቴን ነው የምልሽ ነጂ፣ ሞቱን አልፈራውም። ያለ ቀባሪ መቅረቱን ነው የምፈራው።»

«ዕድሜ ይስጥዎ» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት ለማስተዋወቂያ የምትሆን አጭር ቅምሻ ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ልፈፋቸውን መረጥኩ። ከፊቱ ያለችው የኔ ዓረፍተ ነገር ግን ጆሮዬን ትቧጭረኛለች። ደግሜ ሰማኋት፤ «ወንድሜ» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ልክ ናቸው። ቆረጥኳት። ከኋላ ያለውንም ሳቅና ወግ ቆረጥኩ። የቀረችው ልፈፋዋ ብቻ ናት፤ ጥርት ያለች፣ ባቡር እንኳን ያልገባባት። በሥራዬ ኮራሁ።

«የታችኛው ልደታ ልጆች» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን፤ ከተበተነው ሰው ብዙው እዚያ አለ። ቅምሻዋን ላክኋት። ከሥሯ ማብራሪያ ጻፍኩና መላኪያውን ተጭኜ፣ መሄዱን ሳላይ ወዲያው ኔትወርኩን አጠፋሁ፤ የፕሮግራሙን መግቢያ ልቀዳ ነበራ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

መግቢያውን ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት አላስታውስም። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ እሰማዋለሁ፣ ያስጠላኛል፣ አጠፋዋለሁ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ስወጣ ከታች ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ያን ድምፅ ሰፈር ያደገ ሰው አይስተውም፤ የድንኳን ብረት ነው። ከዚያ የሴቶች ልቅሶ ተከተለ።

እናቴ በረንዳው ላይ ሻሿን እያሰረች ነበር። «ነጂ! ጋሽ ደምሴ ሞቱ!» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ራሳቸው ናቸዋ ያሉት! ግሩፑ ላይ ለፍፈዋል!»

«እማ! የሞተ ሰው ይለፍፋል እንዴ?»

«እሳቸው እኮ ሥራ አክባሪ ናቸው» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። «ቀድመው ቀድተው አስቀምጠው ይሆናላ።»

ኔትወርኩን ከፈትኩት። ስልኬ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ነፍስ ይማር»፣ «ኢና ሊላሂ»፣ «ደግ ሰው ነበሩ»፣ «ለገላን ልጆች ልኬያለሁ»፣ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ ብለውናል፣ አሰሙ»። ሰዉ የታዘዘውን አደረገ፤ ላልሰማ አሰማ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መጨረሻ ላይ፣ ያኔ ሳይሄድ ተንጠልጥሎ የቀረው የኔ ማብራሪያ ኔትወርክ ሲያገኝ ዱብ አለ፦ «ይቺ ቅምሻ ናት፣ ሙሉውን በቅርቡ ይጠብቁን!»

እሱን ቶሎ አጠፋሁት። ድምፁንም አጠፋሁት፤ ግን ካንድ ግሩፕ ወደ ሌላው ስለዞረ የኔ ማጥፋት ባሕርን በጭልፋ ሆነ። «አልሞቱም፣ ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሚያነበው የለም፤ ለቀብር የሚሮጥ ሰው ስልክ አያይም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ግቢው ሞልቷል። ለዓመታት ያላየኋቸው ሰዎች ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ወፍረዋል፣ ሸብተዋል። የጋሽ ደምሴ በር ዝግ ነው፤ ሰዉ አስከሬኑ ሆስፒታል ነው ብሎ ደምድሟል። መሀል ቆሜ «አልሞቱም!» ብዬ ጮኽኩ።

አንዲት የድሮ ጎረቤታችን እቅፍ አደረጉኝ። «አይዞሽ ልጄ። እንደ አባትሽ ነበሩ።»

«እውነቴን ነው፤ አልሞቱም!»

«እሺ፣ አልሞቱም። ነይ ተቀመጪ» አሉና ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። ሌላዋ ውሃ አመጡልኝ። «መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም እናቴ ስትሞት አላምን ብዬ ነበር» አሉ። ባስረዳሁ ቁጥር እቅፉ ይጠብቃል። እንዲህ በአዛኝ ብዛት አፌ የተዘጋበት ቀን አልነበረኝም።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያላለቀሱት የእድራችን ዳኛ ሃጂ ኑርሁሴን ብቻ ነበሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። ወደ እኔ መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጡሩምባው የታል?» አሉኝ።

«አቤት?»

«ልፈፋውን ሰማሁት። ጡሩምባ የለውም። ደምሴ ያለ ጡሩምባ ለፍፎ አያውቅም። ምንድን ነው ነገሩ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ዓይናቸውን ብቻ ጨፈን አደረጉ።

«እና አሁን የት ነው?»

«እሑድ አይደል፤ ልደታ ማርያም ናቸው። እሑድ ስልክ አይዙም።»

«በይ ሂጂ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ድረሽበት። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአፍ አልሞተም ብለው አያምነኝም፤ በዓይኑ ይየው። ቶሎ በይ፣ እህቱ ትርሲት ከኮልፌ ተነሥታለች አሉ። እሷ ደም ግፊት አለባት።»

ሮጥኩ። ሰው ዞር ብሎ እያየኝ፣ ሂጃቤ እየተንሸራተተ፣ ሻማና ጧፍ በሚሸጡት መሀል እየተሽሎከለኩ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው፤ አንዱ ቀድሞኝ «ሞተዋል» ብሏቸው በድንጋጤ እውነት እንዳያደርገው።

ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ግንቡ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ስላየኋቸው ብቻ ማልቀስ አማረኝ። እሳቸው ተናደዋል።

«ዛሬ ሰው ምን ነካው?» አሉኝ ገና እንዳዩኝ። «አንዱ አየኝና አማተበ። ደህና ዋልክ ብለው ሮጠ። ሻማ ሻጯ ደግሞ እኔን ባየች ጊዜ ሻማዋን ጥላ ሄደች። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ።» ትንፋሼ አልመለስ አለ። «ጋሼ፣ ሰዉ ሞተዋል ብሎ ነው።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

ነገርኳቸው። የራሴን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደቆረጥኩ ሳይቀር ነገርኳቸው።

«በኔ ድምፅ?»

«አዎ።»

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ የሚለውም አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲህ አሰምተዋላ» አሉ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። «ስንት ሰው መጣ?»

«ግቢው ሞልቷል። ከጀሞ፣ ከገላን፣ ሁሉም መጥቷል።»

«ሁሉም?» ፊታቸው ላይ አንዴ ብርሃን መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። «መጡ፤ ውሸት ሆኖ አገኙት። ከእንግዲህ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ይነሣል? ‹እሱ ነው፣ ያን ጊዜም እንዲሁ ብሎ ነበር› ነው የሚሉት። የነበረኝን አንድ ቀብር ዛሬ በላሁት፣ ነጂ።»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ኀፍረቴ ነበር። ያደረስኩት ጉዳት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራትን እምነት በአንዲት ጠዋት አፍርሼበታለሁ። እጃቸውን ይዤ «ይነሡ ጋሼ፣ እህትዎ እየመጡ ነው» ብቻ አልኩ። የእህታቸውን ስም ስሰማ ነው የተነሡት።

በዝግታ ሄድን። ከብሎካችን ስንደርስ መጀመሪያ ያየችን አንዲት ሴት ናት፤ እሪ አለች። ድንኳን የሚያቆሙት ሰዎች ብረቱን እንደያዙ ቀሩ። በዚያው ቅጽበት ታክሲ ቆመና እትዬ ትርሲት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ወረዱ። ወንድማቸውን ፊት ለፊት አዩዋቸው። ቆሙ። ጠጋ ብለው ጉንጫቸውን ነኩ፤ ሙቀት አለው። ያን ጊዜ በጥፊ አሏቸው፤ ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

ከሰዉ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ ሳቀ። ሁሉም ግን አልሳቀም። የድሮ ጎረቤታችን፣ ጀሞ የቀለም መሸጫ ያለው ሙሉጌታ ሱቁን ዘግቶ፣ ድንኳን የጫነውን መኪና ራሱ ነድቶ ነው የመጣው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እንኳን ተረፉ» አለ ሙሉጌታ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ነገ ይሄው ድምፅ ቢመጣ እንዴት ብለን እንመን?»

ያ የፈሩት ጥያቄ መጣ። ሃጂ ኑርሁሴን መሬቱን በከዘራቸው ይጭሩ ጀመር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ» አሉኝ። «ያቺን የቆረጥሻትን ነገር በያት።»

«ጋሼ…»

«በያት። ጮክ ብለሽ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ከፈትኩ። «አሁን ጋሽ ደምሴ ድሮ እንዴት ይለፍፉ እንደነበር በራሳቸው ስም ያሳዩናል» አልኩ። በፎቆቹ መሀል ድምፄ ወጣ፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ እስከ ላይኛው በረንዳ ደረሰ። በረንዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ወደ ታች አዩ።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ይህን ድምፅ ከሌላ የሚያምታታ ሰው አለ?»

«የለም!» አለ ሰዉ፤ ሳቁም ተመለሰ።

«እንግዲህ ስሙ። ከዛሬ ጀምሮ በኔ ድምፅ የመጣ የኔን ሞት አትመኑ። ሞቼ አልለፍፍም። እውነተኛው ሲመጣ ጡሩምባ ይነፋል፣ የሚለፍፈውም ድምፅ የሷ ነው። በሷ ድምፅ ከሰማችሁ ግን አደራችሁን አትቅሩ።»

«ሴት ጡሩምባ ነፊ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በስልክ አይደል የምትሰማው?» አሉት ሃጂ ኑርሁሴን። «ወንድ ትመስልሃለች፤ አትጨነቅ። እድሩ ተቀብሏል።»

ድንኳኑ ወዲያው አልፈረሰም። የመጣው ዳቦና ሻይ እዚያው ተበላ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ያን ያህል ሰው ባንድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ሲመሽ «ለሞት ብቻ ነው እንዴ የምንገናኘው?» እየተባባሉ ተለያዩ።

ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ጋሽ ደምሴ ያስተምሩኝ ጀመር። ጡሩምባውን መንፋት ግን የት ይለመዳል? ያለ ሞት አይነፋማ። አፉ ላይ ጨርቅ ወትፈው ትንፋሹን ብቻ አለማመዱኝ። «ስሙን ስትጠሪ አትሩጪ። ከስሙ በኋላ ዝም በይ፤ ሰዉ በልቡ ‹ወይኔ› የሚልበት ቦታ ተዪለት» ይሉኝ ነበር። በስንት ቪዲዮ ያልገባኝ ነገር በዚህ ገባኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ስለቅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ነጃት ነኝ» የምትለዋን ድምፄን አልቆረጥኳትም። ልፈፋዋንም አልከተትኩም። ወጋቸው ብቻውን በቂ ነበር።

ዛሬ ፖድካስት ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ፣ ምን ልጫን የሚሉ ሰዎች ይጠይቁኛል። እናንተም ከነሱ መሀል ከሆናችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስልክም ብርድ ልብስም ይበቃል፤ ባቡሩም ቢገባ ሰው አይሞትም። ድምፄ ያስጠላል ብላችሁ ግን ራሳችሁን አትቁረጡ። የሚሰማችሁ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ማን እንደሚያናግረው ማወቅ ነው። ያንን ስትነሡት የቀረው ነገር እውነት ቢሆንም ሰው ያሳስታል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሰው በቁሙ ገድዬ ነው፤ እናንተ በርካሽ ውሰዱት።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ሃጂ ኑርሁሴን ደወሉልኝ። «ነጃት» አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ከስሙ በኋላ የሚተው ዝምታ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ሌላ ቃል አልጠበቅኩም።

ወርጄ ጡሩምባውን ከጋሽ ደምሴ ግድግዳ ላይ አወረድኩት። ጨርቁን ነቀልኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ አልገባሁም፤ ተመልሼ በረንዳው ላይ ቆሜ የስልኬን መቅጃ ከፈትኩና ነፋሁ። መጀመሪያ ተሰባበረ፤ ሁለተኛው ወጣ። «የታችኛው ልደታ እድርተኛ፣ ስማ! ጋሽ ደምሴ ወልደ ሚካኤል ዐርፈዋል።» ዝም አልኩ። ባቡር አለፈ፤ ቅጂውን አላቆምኩም። የቀብሩን ሰዓት ነገርኩ። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» አልኩና ላክሁት። አልቆረጥኩም፣ ደግሜም አልሰማሁትም።

ኔትወርኩ ክፍት ነበር። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መልስ የለም። ሰዎች ሲሰሙት ይታየኛል፤ ማንም ግን ምንም አይጽፍም። «ያን ጊዜም እንዲሁ ብሎ ነበር» ይላሉ ብለው ጋሽ ደምሴ የፈሩት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ያቺ ዝምታ ከሞታቸው ይልቅ ከበደችኝ።

ስልኬ ጠራ። ሙሉጌታ ነው፤ የጀሞው።

«ነጃት፣ ድምፁ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

ሱቁን ሲዘጋ የብረቱ በር ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ።

«መጣሁ» አለ። «ድንኳኑንም እኔ አመጣለሁ።»